«ይረዳል» ከማለትሽ በፊት

ለወንድሜ ልጅ

የላክሽልኝን ጌም ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጫወትኩበት። ጠዋት ቡናዬን ይዤ፣ ማታ ደግሞ ዜና ካለቀ በኋላ። ፊደል ማዛመዱንም፣ እንቆቅልሹንም፣ ምስል ማስታወሱንም ሞከርኩ፤ ልቤን የወሰደው ግን ገበጣው ነው። ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ጉድጓዱ ውስጥ ጠብ ሲሉ የሚያሰሙት ድምፅ አያትሽ ደጅ፣ ዋርካው ሥር፣ መሬት ቆፍረን የምንጫወትበትን ከሰዓት አመጣብኝ። እጅሽ ይባረክ።

ከዚያ ለማስታወቂያ ያዘጋጀሽውን ጽሑፍ አነበብኩት። «በቀን 15 ደቂቃ ብቻ! አእምሮዎን ያድሱ፤ የማስታወስ ችሎታዎን ያሳድጉ፤ የመርሳት በሽታን ቀድመው ይከላከሉ። በሳይንስ የተረጋገጠ።» ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ «ያድሱ»፣ «ይከላከሉ» እና «የተረጋገጠ» ከሚሉት ሥር አሰመርኩ። አንቺ ሰው የምታታልይ ልጅ አይደለሽም፤ አውቅሻለሁ። እንዲህ የጻፍሽው ሌሎቹ እንዲህ ስለሚጽፉ ነው። እኔ ግን እዚህ ሜሪላንድ 31 ዓመት ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ፣ «ይረዳል» የምትል አንዲት ቃል ሰው ቤት ገብታ ምን እንደምትሠራ አይቻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን እየቆጠርኩ ልንገርሽ።

1. ቃሉን ከማውጣትሽ በፊት የሚፈራ ሰው ጆሮ ውስጥ ገብተሽ ስሚው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ) ጂንኮ የሚባል ከቅጠል የሚሠራ እንክብል መደርደሪያችንን ሞልቶት ነበር። ጠርሙሱ ላይ ለትውስታ ጥሩ እንደሆነ ተጽፏል። አንድ የአገራችን ሰው፣ ሽማግሌ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ባለቤታቸው የልጆቻቸውን ስም ማምታታት ጀምረዋል። «ልጄ፣ ይህ ነገር ይረዳታል?» አሉኝ። ደም ማቅጠኛ እንደማይወስዱ አጣራሁና «ሊረዳ ይችላል» አልኳቸው። እኔ «ሊ» እና «ይችላል» የሚሉትን አስገብቼ ራሴን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው የሰሙት መካከሏን ብቻ ነው፤ «ይረዳታል»። በየወሩ መጀመሪያ እየመጡ ዓመታት ገዙ። በ2008 አንድ ትልቅ ጥናት ታተመ፤ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ግማሾቹ ጂንኮ፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል እየወሰዱ ስድስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ጂንኮው የመርሳት በሽታን አልቀነሰም። ሽማግሌው በዚያን ጊዜ ባለቤታቸውን ቀብረው ነበር። ገንዘቡ አይደለም የሚቆጨኝ። ያን ሁሉ ወር ተስፋ ያደረጉት በእኔ ቃል አምነው መሆኑ ነው።

2. ያንቺ ሙያ የራሱ ታሪክ አለውና ታሪኩን እወቂው። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሉሞስ ላብስ፣ ሉሞሲቲ የሚባለው ጌም ባለቤት፣ ሥራውን በ2007 ለሕዝብ ከፈተ። ወደ 40 የሚሆኑ ጨዋታዎች ነበሩት፤ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተጫወቱ ይል ነበር። ይህ እስከዚህ ድረስ ምንም ነውር የለበትም። ማስታወቂያው ግን በሥራና በትምህርት ቤት ውጤታማ ያደርጋል፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የትውስታ መድከም ያዘገያል፣ ከአልዛይመርና ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል፣ ስትሮክ የመታቸውንም ሆነ ጭንቅላታቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች ይረዳል እስከማለት ደረሰ። ኢንተርኔት ላይ «ዲሜንሺያ» እና «አልዛይመር» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ማስታወቂያው ቀድሞ እንዲወጣለትም ቃላቱን ገዝቶ ነበር። እስቲ ይቺን ቆም ብለሽ አስቢያት። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የእናቱን ሕመም ስም በስልኩ የሚጽፍን ልጅ ደጁ ላይ መጠበቅ ማለት ነው።

በጥር 2016 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚሉት፣ ኩባንያውን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። 50 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት፤ የመክፈል አቅሙ ታይቶ 2 ሚሊዮን ከፈለ። በራሱ እየታደሰ ገንዘብ ይቆርጥባቸው የነበሩ ደንበኞችም በቀላሉ እንዲወጡ ማድረግ ግዴታ ሆነበት። ልብ በይ፤ ጌም ሠርተህ ሸጥክ ተብሎ አልተከሰሰም። ጌሙ ዛሬም አለ። የተከሰሰው በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ስለ ጌሙ በተናገረው ነው። ያንቺ ቀይ የተሰመረባቸው ሦስት ቃላት ደግሞ የዚያው ንግግር የአማርኛ ወንድሞች ናቸው።

3. ነጥብ ከፍ አለ ማለት ሰውየው ተሻለ ማለት አይደለም። ይህ የነገሩ ሁሉ ሥር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ያንቺን ፊደል ማዛመጃ ስጀምር 41 ነጥብ አመጣሁ። በ14ኛው ቀን 78 ደረስኩ፤ ስልኩም ርችት ተኮሰልኝ። በዚያው ቀን የመኪናዬን ቁልፍ ፍለጋ ቤቱን አመስኩት፤ ቁልፉ ፍሪጁ ላይ ተገኘ። ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ናቸው። እኔ የለመድኩት ፊደሎቹ የት የት እንደሚወጡ፣ አውራ ጣቴን የት ባሳርፍ እንደሚቀና ነው። በ1980 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ፒትስበርግ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ተማሪ ቁጥሮች ይነበቡለታል፤ እሱ በቅደም ተከተል ይመልሳል። ሲጀምር እንደማናችንም ሰባት ያህል ቁጥር ነበር የሚይዘው። ከ230 ሰዓት በላይ ልምምድ በኋላ 79 ቁጥር መያዝ ቻለ። ሰባ ዘጠኝ! ልጁ ሯጭ ስለነበር ቁጥሮቹን ወደ ሩጫ ሰዓት እየለወጠ ነበር የሚይዛቸው። ከዚያ በቁጥር ፋንታ ፊደል ሲሰጡት ምን ሆነ መሰለሽ? ወደ ስድስት ወረደ። ማስታወሻው አልሰፋም፤ ቁጥር የሚይዝበት ብልሃት ነው የበረታው።

በ2010 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ፣ በቢቢሲ አማካይነት ተመልካች ተጠርቶ፣ 11,430 ሰዎች ስድስት ሳምንት የአእምሮ ጨዋታ ተጫወቱ። በተጫወቱት ሁሉ ተሻሻሉ። ባልተጫወቱት ግን፣ በጣም የሚቀራረበው ፈተና ላይ እንኳ፣ የተሸጋገረላቸው ነገር አልታየም። በ2016 ሰባት ተመራማሪዎች ኩባንያዎቹ የሚጠቅሷቸውን ጥናቶች አንድ በአንድ አገላብጠው ከዚህ ብዙም ያልራቀ መደምደሚያ ላይ ደረሱ፤ ሰው በተለማመደው ይሻሻላል፣ ለዚያ በሚቀርበው ጥቂት ይሻሻላል፣ በዕለት ኑሮው እንደሚሻሻል የሚያሳየው ማስረጃ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ያንቺው ገበጣ ነው። አያትሽ በገበጣ የሚያሸንፋቸው አልነበረም። ጠጠሩን ሳይቆጥሩ፣ በዓይናቸው ብቻ፣ የት እንደሚያልቅ ያውቁ ነበር። ገበያ የሄዱበትን ነገር ግን ረስተው የሚመለሱት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤት ይህን አይቶ «ገበጣው አልሠራም» ያለ የለም። ገበጣ እንዲሠራ የተጠየቀው ሥራ ጨዋታ ነበርና።

4. እንዲህም ስልሽ ሁሉንም ነገር ውሸት ነው ብለሽ እንዳትጥይው። ክህደትም እንደ ማጋነን ያው ስንፍና ነው። አክቲቭ የሚባል ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,832 ሰዎች ተመዝግበውበታል። አንዱ ቡድን ትውስታ፣ አንዱ ማመዛዘን፣ አንዱ የማየትና የመለየት ፍጥነት ሠለጠነ፤ አራተኛው ምንም አልሠለጠነም። ሥልጠናው አሠልጣኝ ባለበት፣ በቡድን፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ የሚወስድ አሥር ክፍለ ጊዜ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2014 የወጣው ውጤት፣ የማመዛዘንና የፍጥነት ሥልጠናው በየራሱ ፈተና ላይ አሁንም እንደሚታይ፣ የሠለጠኑትም የዕለት ሥራቸው ያን ያህል እንደማይከብዳቸው መናገራቸውን አሳየ። በ2017 ደግሞ የፍጥነቱን ሥልጠና ከወሰዱት መካከል በመርሳት በሽታ የተመደቡት ካልሠለጠኑት ይልቅ አንሰው መገኘታቸው ተጻፈ፤ የትውስታና የማመዛዘኑ ግን እንዲያ አልሆነም። ተመራማሪዎች ራሳቸው ስለ አእምሮ ጨዋታ ጥቅም ቀደም ብሎም ተከራክረዋል። በ2014 ወደ 70 የሚሆኑ ሳይንቲስቶች የኩባንያዎቹን ማጋነን የሚቃወም መግለጫ ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመቶ በላይ የሆኑ ሌሎች ደግሞ «ማስረጃ የለም ማለትም ልክ አይደለም» ብለው መለሱ።

ታዲያ አንቺ ከዚህ ምን ትወስጃለሽ? ጥናቱን አክብሪው፤ ቃሉን ግን ለጌምሽ አትውሰጂ። አክቲቭ የተሠራው በሌላ ሥልጠና፣ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ አኳኋን ነው። ያንቺ ጌም ውስጥ ፍጥነት የሚለካ ነገር ስላለ ብቻ «በሳይንስ የተረጋገጠ» ብትይ፣ እኔ የአንዱን ፋብሪካ የደም ግፊት ክኒን ጥናት ይዤ መልኩ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ሌላ ቢጫ ክኒን እንደመሸጤ ነው። ፈቃዴን ይነጥቁኝ ነበር፤ ቢነጥቁኝም ይገባኛል።

5. አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር መጣሁ። ማጋነን የሚጎዳው ኪስን ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩልሽ።

ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ አንዲት እናት አሉ። ስኳር አለባቸው፤ ለዓመታት ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። መርሳት ጀመሩ። ወጥ ጥደው ይረሱታል፤ አንድ ታሪክ በአንድ ቡና ላይ ሁለቴ ያወራሉ። ልጃቸው ጥሩ ልጅ ነው፤ ደንግጦ የአንድ ዓመት የአእምሮ ጨዋታ ከፈለላቸው። ጌሙ በየሳምንቱ «የአእምሮ ዕድሜዎ» እያለ ቁጥር ይልክ ነበር። ሲጀምሩ 81 አላቸው፤ ከአራት ወር በኋላ 66። ልጁ ቁጥሩን በስልኩ ለእኔም አሳየኝ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። «እማዬ እየተሻላት ነው፤ ሐኪም ጋ መሄዱን ለጊዜው ተውነው» አለኝ።

እናቱ አጠገቡ ቆመው ነበር። ሰላም ስላቸው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ እግራቸውን ደግሞ ሲያነሱ ጥጥ ላይ እንደሚረግጥ ሰው ሲጠራጠሩ አየሁ። «እግርዎን ያደነዝዝዎታል እንዴ?» አልኳቸው። «ኧረ ከቆየ፤ እርጅና ነው» አሉኝ። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ሊያንሰው እንደሚችል የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቃል። ቢ12 ሲያንስ እግር ይደነዝዛል፤ ሰውም ይረሳል። በዚያው ሳምንት ደም እንዲሰጡ ልጁን ለመንኩት። ውጤቱ ሲመጣ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። መርፌ ተጀመረላቸው። መርሳቱ በብዛት ቀለለላቸው፤ የእግራቸው መደንዘዝ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም፤ ነርቭ ቆይቶ ሲታከም እንዲህ ነው።

አራቱ ወር ነው የሚያንገበግበኝ። ጌሙ ምንም አላደረጋቸውም፤ ቁጥሩ ነው ሐኪም ቤት እንዳይሄዱ በሩ ላይ የቆመው። ይህን ያደረገውም ጨዋታውን የሠራው ክፉ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። አንድ ወጣት አንድ ቦታ ተቀምጦ «ቁጥር ብንሰጣቸው ደስ ይላቸዋል» ብሎ ነው።

ስለዚህ አንቺም ከጌምሽ ውስጥ «የአእምሮ ዕድሜ» የሚባለውን አውጪው። ነጥቡን የጨዋታ ነጥብ ብለሽ ጥሪው፤ የሰው ጤና መለኪያ አታስመስይው። በመግቢያው ገጽ ላይም፣ በትልቅ ፊደል፣ እንዲህ የሚል አስገቢ፦ «መርሳት ካሳሰበዎት ይህ ጨዋታ ምርመራ አይደለም፤ ሐኪም ያማክሩ።» ለመርሳት ብዙ ምክንያት አለ፤ ብዙውም ይታከማል። የታይሮይድ ችግር አለ፤ ድብርት አለ፤ የማይሰማ ጆሮ አለ፤ ያልተለካ ደም ግፊት አለ። ሰው ለእንቅልፍ ብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛቸው፣ ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው ክኒኖች አሉ፤ አረጋውያንን ያምታታሉ፤ በእኔ ዕድሜ ካሉት ስንቱ ጓዳ ውስጥ እንዳሉ አልነግርሽም። በ2024 የላንሴት ኮሚሽን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 የመርሳት በሽታ አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብሏል። ጆሮ አለበት፣ ዓይን አለበት፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነት አለበት። የስልክ ጨዋታ ግን ከ14ቱ ውስጥ የለም።

6. ግሶችሽን ምረጪ። «ይከላከላል»፣ «ያክማል»፣ «ያድሳል»፣ «ይመልሳል»፣ «ያዘገያል» የሚሉት የሐኪም ቤት ግሶች ናቸው፤ ከጽሑፍሽ አውጪያቸው። «ያጫውታል»፣ «ያመራምራል»፣ «ይፈታተናል»፣ «ያዝናናል»፣ «ያገናኛል» ያንቺ ናቸው፤ እንደልብሽ ተጠቀሚባቸው። በመካከል የሚዋልሉ አሉ። «ያነቃቃል» አንዱ ነው። ጠዋት ቡና ያነቃቃል ስንል ማንም በሽታ አያስብም፤ «አእምሮን ያነቃቃል» ብለሽ ከሥሩ የሽማግሌ ፎቶ ከጭንቅላት ሥዕል ጋር ካስቀመጥሽ ግን ሥዕሉ አንቺ ያላልሽውን ይናገራል። ሥዕልም ቃል ነው። ያን በሰማያዊ ብርሃን የሚያበራ አንጎል አንሺውና በምትኩ የገበጣውን ሰሌዳ አድርጊው።

የአማርኛ ነገር ደግሞ አለ። በአማርኛ «መርሳት» ስንል ዝንጉነትንም፣ በሽታውንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። «መርሳትን ይቀንሳል» ብለሽ አንቺ ቁልፍ መርሳትን አስበሽ ይሆናል፤ አንባቢሽ ግን እናቱን ያስባል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። ደግሞም «በአማርኛ የተጻፈውን ኤፍቲሲ የት ያነበዋል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ሕጉ ቋንቋ አይመርጥም፤ ማስታወቂያው በአማርኛ ከሆነ ማሳሰቢያውም በዚያው በአማርኛ እንዲሆን ይፈልጋል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ማንም የማያነብልን መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶቻችን የሚጠብቃቸው ያንቺ ኅሊና ብቻ ነው።

7. በምስክርነት አትደገፊ። ከጽሑፍሽ ግርጌ «ከተጫወትኩ በኋላ ስልክ ቁጥር በቃሌ መያዝ ጀመርኩ» ያሉ እናት አሉ። እናቲቱ አይዋሹም፤ እውነትም ተሰምቷቸዋል። ግን ሰው የጠበቀውን ያገኛል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ለተማሪዎች ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ ለጠፈ። አንደኛው የአእምሮ ሥልጠና ብልህነት እንደሚጨምር ይናገራል፤ ሁለተኛው ጥናት ላይ ተሳተፉ ብቻ ይላል። የተጫወቱት ያው አንድ ጨዋታ፣ ያውም አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ማስታወቂያ የመጡት በብልህነት ፈተና ከ5 እስከ 10 ነጥብ የሚሆን ጭማሪ አሳዩ፤ ሌሎቹ አላሳዩም። ጭማሪውን ያመጣው ወረቀቱ ነበር።

ሉሞሲቲም ከምስክሮቹ አንዳንዶቹን ያገኘው በሽልማት ውድድር ነበር፤ አይፓድ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ጉዞ፣ የዕድሜ ልክ አባልነት። ይህን ለአንባቢ አልነገረም፤ ክሱ ውስጥም ገባ። አንቺም ለእኚያ እናት የስድስት ወር ነፃ አባልነት ሰጥተሻቸዋል፤ ነግረሽኛል። ወይ ይህንኑ ከስማቸው አጠገብ ጻፊ፣ ወይ ስለ ጤና ሳይሆን ስለ ጨዋታው የተናገሩትን አውጪ። «ከልጅ ልጄ ጋር ተጫውቼ አሸነፍኩት» ቢሉ ከዚያ የበለጠ ምን ትፈልጊያለሽ?

8. ወደ ልጆች አትሂጂ። «ትኩረት ያሻሽላል፣ የክፍል ውጤት ያሳድጋል» የሚለው ገበያ ሰፊ ነው፤ የወላጅ ጭንቀትም ማለቂያ የለውም። በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ ኤንዴቨር አርኤክስ የሚባል አንድ ጌም ትኩረት ለሚቸግራቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች ፈቅዷል፤ ግን እንደ መድኃኒት በሐኪም ማዘዣ፣ የራሱ ሙከራ ተሠርቶለት ነው። የሕክምና ቃል መናገር የሚፈልግ የሚሄድበት መንገድ ያ ነው። አንቺ ያን መንገድ አልሄድሽም፤ ስለዚህ ያን ቃል አትናገሪ።

9. እውነቱን ማወቅ ከፈለግሽ በወግ ለኪ። ባለፈው «ተጠቃሚዎቼ 40 በመቶ ተሻሽለዋል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። የተሻሻሉት በጌሙ ነው፤ ከላይ ተነጋግረናል። ደግሞ የሰለቻቸው ወጥተዋል፤ የቀሩት የቀናቸው ናቸው። ትክክለኛው ነገር ሰዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹ ያንቺን ጌም፣ ግማሹ ደግሞ ሌላ የሚወደድ ጨዋታ፣ ካርታ ወይም ዳማ ይጫወት። መለኪያው ከጌሙ ውጭ ያለ ነገር ይሁን፤ የሚለካው ሰውም ማን የትኛውን እንደተጫወተ አይወቅ። ምን እንደምትለኪ ከመጀመርሽ በፊት ጻፊና ለሌላ ሰው አስቀምጪ። ብቻሽን አትችይውም፤ ሙያው ያላቸው ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ። ውጤቱ «ልዩነት የለም» ቢሆን ደግሞ እንደዚያው ታወጪዋለሽ። ይህን ለማድረግ ካልተዘጋጀሽ አትጀምሪው፤ ጤናን ሳትጠሪም ጌምሽ ይሸጣል።

10. ያለሽን ሽጪ፤ ያለሽ ብዙ ነው። ይህን የምልሽ ለማጽናናት አይደለም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስልኬን ይዤ ሐሙስ ሐሙስ አረጋውያን የምንሰበሰብበት አዳራሽ ሄድኩ። ብዙ ጊዜ ሻይ ጠጥተን፣ ስለ ጉልበታችን አውርተን እንበተናለን። እንቆቅልሹን ከፍቼ ጮክ ብዬ «እንቆቅልሽ!» አልኩ። መላው ጠረጴዛ እንደ ሕፃን «ምን አውቅልሽ!» አለ። መልሱን ያጣ አገር ይስጥ ተባለ፤ አንዱ ጎንደርን ሰጠ፣ ሌላዋ «እኔ ሐረርን አልሰጥም» ብላ ተሟገተች። ስድስት ወር ሙሉ ዝም ብለው የሚቀመጡ አንድ አባት፣ ስልኩ ውስጥ የሌለ እንቆቅልሽ አመጡ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አዳራሹ ሊዘጋ ነው ሲሉን አልተነሣንም።

ማናችንም ያን ቀን ከመርሳት በሽታ አልተጠበቅንም። ግን አራት ሰዓት ያህል አብረን ነበርን፤ አስበናል፤ ተከራክረናል፤ ስቀናል። ይህን ለመናገር ጥናት አያስፈልግሽም፤ የሚክድሽም የለም። አንድ የልጅ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደሴ ላሉት አያቱ ደውሎ «ደህና ነሽ» «ደህና ነኝ» ተባብለው ዝም ሲሉ፣ መሃላቸው የሚቀመጥ ገበጣ ቢኖር ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ጌሙን የጀመርሽው በዚህ ምክንያት ነበርና።

ማስታወቂያሽን እንደገና ጻፍኩልሽ፤ ከወደድሽው ውሰጂው። «ገበጣ፣ እንቆቅልሽና የፊደል ጨዋታ በአማርኛ። ብቻዎን ወይም ርቀው ካሉ ወዳጅ ዘመድ ጋር ይጫወቱ። ፈታኝ፣ አከራካሪ፣ አዝናኝ። በወር ይህን ያህል፤ በፈለጉ ጊዜ በአንድ ንክኪ ያቋርጣሉ። ይህ ጨዋታ ነው፤ በሽታ አይመረምርም፣ አያክምም፣ አይከላከልም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በደቃቅ ፊደል ከታች እንዳትደብቂያት። እንደሌሎቹ ፊደል አድርገሽ ጻፊያት።

ለሚመጣው ሐሙስ አዲሱን ላኪልኝ፤ ገበጣውን ለማሳየት ቃል ገብቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የጠጠሩን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ ጨምሪበት። እንቆቅልሽ ያመጡት አባት ጆሯቸው ደክሟል፤ ምርመራውን ቀጠሮ አስይዤላቸዋለሁ፣ እስከዚያው ግን ጠጠሩ ሲወድቅ መስማት ይፈልጋሉ።